ከመስቀያው የጠፋው ካፖርት

እማማ ሰቢሃ ለሱብሂ ሶላት ሲነሱ፣ በፈረንጅ አገር፣ ኬኒንግተን ባለችው አፓርታማ ጠባብ ኮሪደር ላይ የልጃቸው ባል የሙባሽር ካፖርት ዛሬም ከመስቀያው አልነበረም። ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሲነጋ ተመልሶ ይሰቀላል፤ ሙባሽርም ምንም እንዳልተፈጠረ ቁጭ ብሎ ሻዩን ይጠጣል። «ይሄ ሰው የት እየሄደ ነው የሚያድረው?» አሉ በሆዳቸው። ልጃቸው ሪሐብ የጡት ካንሰር ከታከመች ወዲህ፣ በሽታው እንዳይመለስ በምትውጠው የሆርሞን ኪኒን የተነሳ እንደ ምድጃ እየነደደች፣ በላብ እየተጠመቀች ነው የምታድረው። የታመመች ሚስት የሰለቸችው ወንድ በዚህ ብርድ ካፖርቱን ደርቦ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ደግሞ ብዙ መማር አያስፈልግም።

«ቆይ፣ አልጋው ባዶ መሆኑን በዓይኔ ልይና!» ብለው ውዱእ እንኳ ሳያደርጉ የመኝታ ቤቱን በር ቀስ አድርገው ገፉት።

ብርዱ ፊታቸውን ገረፋቸው። መስኮቱ በጥር ብርድ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሪሐብ ስስ አንሶላ ብቻ ለብሳ፣ ክንዷን ዘርግታ፣ ከወራት ወዲህ ያላዩባትን ድብን ያለ እንቅልፍ ተኝታለች። ከጎኗ ሙባሽር ካፖርቱን እስከ አገጩ ቆልፎ፣ የሱፍ ኮፍያና ጓንት አድርጎ ተኮራምቷል። ዓይኑን ገለጠ።

«አንተ! ምን ሆነህ ነው?» አሉት በሹክሹክታ።

«ኪኒኑን ካላቆምኩ ሞቼ እገኛለሁ ስትለኝ፣ መጀመሪያ መስኮቱን ከፍተን እንሞክረው አልኳት» አለ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ። «ይኸው ሦስት ቀን ተኛች።»

እማማ ሰቢሃ የተከፈተውን በር እንደያዙ አንገታቸውን አስግገው የልጃቸውን እንቅልፍ አዩ።

«እማማ» አላቸው፣ «በሩን ይዝጉልን፤ ሙቀት እየገባ ነው።»