እርጥቡ ቴርሞሜትር

መምህር ህሩይ ሁለት ቴርሞሜትሮችን መስኮቱ ላይ ጎን ለጎን ሰቀለ። የአንደኛውን ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎታል። «የትኛው ይቀዘቅዛል?» ብሎ የጎልማሶቹን ክፍል ሲጠይቅ፣ ውሃውም ጨርቁም እዚያው ክፍል ውስጥ የዋሉ ስለነበሩ ሁሉም «እኩል ናቸው» አሉ። ሹክሪያ ብቻ «እርጥቡ» አለች። ከፊቷ የተቀመጠው የሚኒባስ ሾፌር ዞሮ «አዴ ሹክሪያ፣ ይሄ እኮ ጫት አይደለም» ሲላት ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

በጭሮ ገበያ ሠላሳ ዓመት ጫት የሸጠችው፣ ሰው ሁሉ በአክብሮት «አዴ» የሚላት ሹክሪያ፣ ትምህርት ከጀመረች ወዲህ ድምፅዋን ስታሰማ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ከተሳሳተች ነገ ላትመለስ በልቧ ወሰነች። መምህሩ ጠብቁ ያላቸው አስር ደቂቃ እስኪሞላ የሻሿን ጫፍ በጣቶቿ ስትጠቀልል፣ ስትፈታ ቆየች። በመጨረሻ መምህሩ «ይምጡ፣ ራስዎ ያንብቡት» አላት።

ተነስታ ወደ መስኮቱ ሄደች። ቁጥሮቹን በጣቷ እየተከተለች ቆጠረች፤ እንዳትሳሳት ደግማ ቆጠረች። «ደረቁ ሃያ ሰባት» አለች። «እርጥቡ ሃያ።»

የሳቀ አልነበረም። «ለምን ይመስልዎታል?» አላት መምህሩ።

«ውሃው ከጨርቁ ሲሄድ ባዶ እጁን አይሄድም፤ ሙቀቱን ይዞ ነው የሚሄደው። ጫቱን በእርጥብ ጨርቅ የምሸፍነው ለዚሁ ነው።»

«ይህ ትነት ይባላል» አለ መምህሩ፣ ወደ ተማሪዎቹ ዞሮ። «አሁን አዴ ሹክሪያ ያሉትን ደብተራችሁ ላይ ጻፉ።»

ሾፌሩ እስክሪብቶውን አነሳ። «አዴ፣ ቀስ ብለው ይድገሙልኝ» አላት።

ሹክሪያ መስኮቱ ስር እንደቆመች፣ ቃል በቃል ደገመችለት።