ፋራዋ

ባሏ ከጓደኞቹ ጋር ሃይኪንግ መውጣት ከጀመረ ወዲህ «ፋራ» የሚለው ቃል ከአፉ አይጠፋም። «እኔንም ውሰደኛ» ስትለው፣ «አንቺ? ከነሻሽሽ ተራራ ልትወጪ?» ብሎ ይስቅባታል።

አንድ እሑድ እልህ ያዛት። በስልክ ተመዝግባ፣ ታይት ለብሳ፣ ኮፍያና ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ በታክሲ ቀድማው አውቶቡሱ ጋ ደረሰች። «ዛሬስ አራዳ ይለኛል» እያለች በልቧ።

አስተባባሪዋ እቅፍ አድርጋ ሳመቻትና የታጠፈ ቲሸርት ሰጠቻት።

«ዛሬ ሁላችንም ይህንን ነው የምንለብሰው፣ የኔ ቆንጆ። ያንድ አባላችን ሚስት ሙት ዓመት ነው። ምስኪን ባሏ፣ ስሟ ሲነሳ እኮ እንባው ይቀድመዋል!»

«ውይ! ነፍሷን ይማር» አለች ከንፈሯን መጥጣ።

ቲሸርቱን ዘረጋችው። ደረቱ ላይ በታተመው ፎቶ፣ ሻሿን እንዳሰረች ፈገግ ያለችው እሷው ራሷ ነበረች።