የቅዳሜ ዝናብ

ተመራማሪው ዶክትሬቱን የሠራው በአንዲት ቆላ ወረዳ የዝናብ መዝገብ ላይ ነው። በዚያች ወረዳ በጋውን ሙሉ ጠብ የሚል ነገር የለም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ሦስት ሚሊ ሜትር ዝናብ ይመዘገባል። እሱም ምክንያቱን በሁለት መቶ ገጽ አብራርቶ «ሳምንታዊ ደመና» የሚል ስም አወጣለት። በየጉባኤው ተጨበጨበለት፤ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊም ሆነ።

አንድ ቅዳሜ ዝናቡን በዓይኑ ሊያይ ወደ ወረዳዋ ወረደ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። መዝጋቢዋ ወይዘሮ የሻረግ ከዝናብ መለኪያው በላይ ገመድ ወጥረው የሳምንቱን ልብስ አጥበው አስጥተዋል። ከአንሶላው ጫፍ የሚንጠባጠበው ውሃ መለኪያው ውስጥ ይገባል።

«እማማ፣ እዚህ ማስጣት ከጀመሩ ስንት ጊዜ ሆነዎት?» አለ ከመለኪያው ዓይኑን ሳይነቅል።

«ከተቀጠርኩ ጀምሮ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመቴ። በግቢው እንደዚህ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ የለም።» ፊቱን ሲያዩት ደነገጡ። «ምነው ዶክተር፣ አጠፋሁ እንዴ? መለኪያው ውስጥ ያገኘሁትን ውሃ እኮ አንድም ቀን ሳልመዘግብ ቀርቼ አላውቅም። ገመዱ ካስቸገረ አሁኑኑ እፈታዋለሁ።»

ተመራማሪው ግራ ቀኙን ተመለከተ። ከእነሱ በቀር ማንም የለም። ነፋስ ወደ ጎን የገፋውን አንሶላ ሳብ አድርጎ ጫፉን ከመለኪያው አፍ ላይ አስተካከለው።

«ተዉት» አላቸው። «ቀኑን ብቻ እንዳይቀይሩብኝ።»