የደረጃው መስኮት

ካሜራማኑ ለሽያጭ የቀረበውን ባዶ ሕንፃ፣ ጣሪያው ላይ ቆሞ በድሮን ይቀርጻል። ዓይኑን ከስክሪኑ ስለማይነቅል፣ ታናሽ እህቱ ከኋላው ሆና ድሮኗ ከሽቦና ከወፍ እንዳትጋጭ ትጠብቅለታለች።

«ጋሼ፣ በግራህ ሽቦ አለ፤ ቀስ ብለህ አውርዳት» አለችው።

ድሮኗን በመስኮቶቹ ትይዩ ዝቅ አደረጋት። በደረጃው መስኮት አንዲት ሴት መስታወቱን በመዳፏ ትደበድባለች። ምስሉን አቀረበው፤ እህቱ ናት። ወዲያው ስልኩ ጠራ፤ አነሳው።

«ጋሼ፣ ምነው እስካሁን ስልክ የማታነሳው? ወደ ጣሪያው ልወጣ ስል በሩ ተቆልፎብኝ እዚሁ ቀረሁ። ና ክፈትልኝ እንጂ።»

 ከጣሪያው መውረጃው ያው አንድ በር ብቻ ነው። ሊዞር ፈለገ፤ አንገቱ እምቢ አለው።

ትከሻው ላይ ቀዝቃዛ እጅ አረፈ።

«ስልኩን ዝጋው፣ ጋሼ» አለችው፣ በዚያው በእህቱ ድምፅ።