ኡኡ ያልተባለበት እሳት

የደን ጠባቂው ከመንደሩ ሰው ከተቆራረጠ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ነበር። እንጨት የቆረጠውን ሁሉ ስለሚከስ ሰላም የሚለው አልነበረም። ለቅሶ ቤት ሲገባ እንኳ አጠገቡ ያለው ሰው ተነስቶ ቦታ ይቀይራል።

በዚያ ዓመት የበልጉ ዝናብ ለሦስተኛ ጊዜ ቀረና ጽዶቹ እንደቆሙ ደረቁ። አንድ ቀን በቀትር ደኑ ተቀጣጠለ። ማንም እንደማይደርስለት ስላወቀ ኡኡ አላለም፤ ብቻውን እሳቱን በእርጥብ ቅርንጫፍ ይመታ ጀመር።

ጭሱ ሲያፍነው፣ ከጎኑ ሌላ ቅርንጫፍ ሲመታ ሰማ። ባሏን ያሳሰረባት ወይዘሮ አንጓች ነበረች። ከኋላዋ የመንደሩ ሰው አካፋና ዶማ ይዞ ይሮጣል።

«ምነው ሳትጠራን?» አለችው በቁጣ። «ደኑ ያንተ ብቻ ነው እንዴ?»