ምሳ ሰዓት የሚፈታው ምላጭ

ከእሷና ከጋሽ ወንድይፍራው ሥራው ጥራት ያነሰው ቅዳሜ እንደሚሰናበት የእንጨት ሥራ ቤቱ ባለቤት ቁርጡን ተናግሯል። ከዚያ ወዲህ የፎርማይካ መከርከሚያ ማሽኗን ምላጭ አጥብቃ፣ ብሎኑን በእርሳስ አስምራ ምሳ ትወጣለች፤ ስትመለስ መስመሩ ዞሯል። ሽማግሌው የሚከረክሙት ፎርማይካ ጠርዙ ሰሞኑን እየተሸራረፈ ነው። ቅናት መሆን አለበት።

«ጋሼ፣ ማሽኔን ነክተዋል እንዴ?»

«ምን ልሁን ብዬ?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«የላላ ምላጭ ተስፈንጥሮ ዓይን ያወጣል። እኔ ደግሞ ዓይኔን እወደዋለሁ።»

ሐሙስ እጅ ከፍንጅ ልትይዛቸው ምሳዋን ትታ ከጣውላው ጀርባ ተደበቀች። መጡ። የሁለቱንም ማሽን ሶኬት ነቀሉ። የእሷን ምላጭ ፈትተው ስለቱን በጥፍራቸው ሞከሩት፤ ዶልዱሟል። ጠዋት የሳሉትን የራሳቸውን ምላጭ እሷ ማሽን ላይ አጠበቁት፤ የዶለዶመውን ወስደው የራሳቸው ላይ ገጠሙት።