ለአባቷ የሚላክ ፎቶ

ኑሬ ከአገራቸው የተሰደዱ በሚኖሩበት በኢስትሊ ሰፈር ካለችው ፎቶ ቤቱ ጨለማ ክፍል ወጥቶ፣ ያጠባቸውን ፎቶዎች ራሂማ ፊት ደረደራቸው። ከሁለት ሳምንት በፊት የሰፈሩ ልጆች ሜዳ ላይ ሲሯሯጡ ያነሳቸው ናቸው። የራሂማን ልጅ ዛራን ወባ የነጠቃት ከዚያ በኋላ ነው። ገና ስድስት ዓመቷ ነበር።

ዛራ አንዴም ቆማ አልተገኘችም። ስትዘል፣ ስትሽከረከር፣ ካሜራውን ስትቀድመው፣ ፊቷ በሁሉም ፎቶ ላይ የተጎተተ ጥላ ሆኗል። ኑሬ ከጠዋት ጀምሮ አንዱን ሲያጎላ፣ ሌላውን ሲያደምቅ ቢቆይም ዓይኗን እንኳ አጥርቶ ማሳየት አልቻለም።

"ይቅር በይኝ፤ 'ቁሚ' ልላት ይገባኝ ነበር" አላት።

ራሂማ ወደ ፎቶዎቹ ጎንበስ አለች። ጣቷ ከዛራ አልፎ አጠገቧ የምትሮጠው የጎረቤት ልጅ ላይ አረፈ። የዚያችኛዋ ሳቅ እስከ ወላቃ ጥርሷ ጥርት ብሎ ይታያል።

"ይቺን ለብቻዋ ቆርጠህ አውጣልኝ። ነገ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ።"

"ራሂማ፣ ይቺ እኮ ዛራ አይደለችም!"

"አባቷ በምን ያውቃል? ደርግ ሲያስረው እርጉዝ ነበርኩ። ከእስር ቤት በስውር በሚልከው ወረቀት ሁሉ 'ፎቶዋን ላኪልኝ' ይለኛል። ሞተች ብዬ ልጻፍለት እንዴ?"

ኑሬ መቀሱን አንስቶ ቆረጠ። ራሂማ የፎቶው ጀርባ ላይ ልትጽፍ ብዕር ብትይዝም አንድም ፊደል ሳትጽፍ ለኑሬ ሰጠችው።

"'ልጅህ ዛራ' በልበት።"

ጻፈ። ቀለሙ እንዲደርቅ እፍ ሲልበት ራሂማ ክንዱን ያዘችው።

"'ደህና ናት' ብለህ ጨምርበት" አለችው።